መዳፍ የማትሞላው ሽጉጥ

አቶ መልአኩ የሞቱት በገዛ ቤታቸው መደብ ላይ እንደተቀመጡ ነው። ረቡዕ ሰባት ሰዓት ገደማ ታናሽ ወንድማቸው ገበያው ከቀብር ተመልሶ በሩን ሲገፋው፣ ሽማግሌው ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው፣ ዐይናቸውን ገርበብ አድርገው የሚያንቀላፉ መስለውት ነበር። ሊቀሰቅሳቸው ትከሻቸውን ሲነካ ነው ከግራ ጡታቸው በላይ ያለችውን ቀዳዳ ያየው። ቀዳዳዋ ትንሽ ናት፤ ደሙም ብዙ አልነበረም።

ያን ዕለት የወይናት መንደር ተኩስ ሲያደነቁራት ነው ያረፈደችው። የአገሩ ትልቅ ሽማግሌ አርፈው፣ ከፃግብጂ ድረስ ለለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ መሣሪያውን ወደ ሰማይ እየተኮሰ ይሸኛቸው ነበር። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል አንዲት ጥይት በአንድ ቤት ውስጥ ብትተኮስ ማን ልብ ይላል? እግራቸው አልታዘዝ ብሏቸው ከቀብሩ የቀሩት አቶ መልአኩ ነበሩ። ገዳያቸውም ይህን ያውቃል።

ኢንስፔክተር ባምላክ ከሰቆጣ ተነሥቶ የደረሰው ዐሥር ሰዓት ሊሞላ ሲል ነው። መኪናው መንገዱ ያለቀበት ላይ ጥሎት፣ የቀረውን አንድ ሰዓት ተኩል ዳገት በእግሩ ወጣው። ባምላክ የደብረ ታቦር ልጅ ነው፤ ዋግ ከመጣ ገና ዓመት ከመንፈቁ። ጎበዝ መርማሪ ነው ይሉታል፤ ግን ፈሪ ነው፤ እሱም አይደብቀውም። ፖሊስ ሆኖ መሣሪያ ይፈራል። የራሱን ሽጉጥ ሲያጸዳ እንኳ እጁን ያልበዋል። ደጃፉን የታጠቀ ሰው ሞልቶት አገኘው፤ ሥራ ነውና በመሀላቸው አልፎ ገባ።

ቤቱ ጨለማ ነው። ባትሪውን አብርቶ ወለሉን ሲያስስ ከመደቡ ሥር ሦስት ትንንሽ ነገሮች አብለጨለጩለት። አንዷ ባዶ ቀለህ ናት። ሁለቱ ግን እርሳሳቸው ያልወጣ ሙሉ ጥይቶች ናቸው፤ ቂጣቸውን የሽጉጥ መርፌ መትቷቸው ጎድጎድ ብለዋል፤ ከሽፈዋል ማለት ነው። አንዷን በመሐረቡ አንስቶ መዳፉ ላይ አኖራት። የትንሽ ጣቱን ጫፍ አታህልም። እንዲህ ያለች ጥይት በዕድሜው አይቶ አያውቅም።

አብሮት የገባው ሳጅን ካሤ የአገሩ ተወላጅ ነው። ክላሽ ይሁን ምንሽር፣ ማካሮቭ ይሁን ስታር፣ ከሩቅ በድምፁ ይለያል። ቀለሁን አገላብጦ አይቶ መለሰለት። «መጫወቻ ነው የምትመስለው» አለ።

ባምላክ ግን ከሬሳው ፊት ቆሞ ነገሩን በልቡ አሰበው። ገዳዩ ምላጭ ሳበ፤ ከሸፈ። አቀባብሎ እንደገና ሳበ፤ አሁንም ከሸፈ። ሦስተኛዋ ነች የገደለቻቸው። ይህ ሁሉ ሲሆን አቶ መልአኩ ምን ይሠሩ ነበር? ዱላቸው በቀኝ እጃቸው አጠገብ ግድግዳው ላይ ተደግፏል፤ አልተነካም። ጮኸውም ሊሆን ይችላል፤ ተነሥተው ግን አልታገሉም። ከፊታቸው በርጩማ ቀርቧል፤ በርጩማው ላይ አጎዛ ተነጥፏል። ጋቢያቸውንም ከትከሻቸው አውርደው ወገባቸው ላይ አደግድገዋል።

«ሰው በገዛ ቤቱ፣ ያውም ሽማግሌ፣ ለማን ነው የሚያደገድገው?» ሲል ካሤን ጠየቀው።

ካሤ መልሱን ለመናገር አልወደደም። «ለቤተ ክርስቲያን ሰው ካልሆነ ለማንም» አለ በመጨረሻ።

*

በመንደሩ ሰው ዘንድ ግን ገዳዩ ከተገኘ ቆይቷል። ዋሴ የሚባል የአርባ አንድ ዓመት ገበሬ ነው። ቀብሩ ሳያልቅ ክላሹን አንግቶ ወደ አቶ መልአኩ ቤት ሲወርድ አምስት ሰው አይቶታል። ምክንያቱንም የማያውቅ የለም። ዋሴ የጡት ልጅ ሳለ፣ በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ አቶ መልአኩ በግጦሽ ወሰን ተጣልተው አባቱን ቢያዝንን ገድለውበታል። ሽማግሌ ገብቶ፣ እርቅ ወርዶ፣ እርቁን ያፈረሰ ይረገም ተብሎ ተገዝቷል። ሆኖም አምና በአንድ ሠርግ ላይ አንድ ሰካራም ዋሴን የአባቱ ደም ሜዳ ላይ የቀረበት ብሎ ሰድቦት፣ ከዚያ ወዲህ ዋሴ ከሰው ጋር መብላት ትቶ ነበር።

ባምላክ የቀበሌው ፖሊስ ጣቢያ ሲደርስ እዚያ ታስሮ የቆየው ዋሴ ሳይጠየቅ ነው የተናገረው። እኔ ነኝ የገደልኩት፣ አለ። ጣቢያው አንዲት የድንጋይ ቤት ናት፤ ጥበቃው ሦስት ፖሊስ ነው።

«በምን ገደልሃቸው?»

«በክላሼ።»

«ስንት ጊዜ ተኮስህ?»

«አንድ ጊዜ።»

«ከምን ያህል ርቀት?»

ዋሴ እጁን ዘረጋ። ክንድ ያህል ነው።  ክላሽ በዚያ ርቀት በደረት ገብቶ የጀርባውን ግማሽ ይዞ ነው የሚወጣው፤ የአቶ መልአኩ ጀርባ ደግሞ ሙሉ ነው። ሰውዬው ይዋሻል። በሕይወቱ ላይ ይዋሻል። ለባምላክ ያልገባው ለማን ብሎ እንደሚዋሽ ነው።

ወደ ውጭ ሲወጣ ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር፤ ገበያውና ዐሥራ ሁለት የሥጋ ዘመዶቹ መሣሪያቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ወደ ሰቆጣ በሚወርደው መንገድ ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል። ገበያው ረጋ ያለ ሰው ነው። ሲናገርም ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«አንተ በፈለግህበት ሰዓት ውጣ ግባ፤ የሚነካህ የለም» አለው። «እሱ ግን በዚህ መንገድ አያልፍም። እስከ ሰልስቱ እንታገሣለን። ዓርብ ስድስት ሰዓት ሰልስቱን አውጥተን ስናበቃ እንመጣለን።»

«ሕግ አለ እኮ፣ ገበያው።»

«እኔ ምን አልኩ? እስከ ዓርብ የናንተ ነው።»

ባምላክ ስልኩን ይዞ አውታር የሚገኝበት ጉብታ ላይ ወጥቶ ለአለቃው ደወለ። ሰዉ ሁሉ ወደ አበርገሌ ወርዷል፤ ከቅዳሜ በፊት የሚመጣ ኃይል የለም ተባለ።  ዋሴ ዓርብ ከተገደለ፣ የዋሴ የአጎት ልጆች በገበያው ልጆች ላይ ይነሣሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን የሚቆጥረው ማን እንደሆነ እንጃ። ዋሴ አይደለም ብሎ ቢናገርም ማስረጃ የለውም፤ ፖሊስ ጉቦ በልቷል ብለው በዚያው ሌሊት በሩን ይሰብሩታል። በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ ያቺ ሽጉጥ አሁንም የሆነ ሰው እጅ ላይ ናት።

ከጉብታው ሲወርድ አንዲት አሮጊት መነኩሲት በታጣቂዎቹ መሀል አልፈው ወደ ጣቢያው ሲገቡ አየ። ገበያው ሳይቀር ብድግ ብሎ አሳለፋቸው። የዋሴ እናት እማሆይ ወለተጊዮርጊስ ናቸው፤ ለልጃቸው ዳቦ ይዘው ነው። ባምላክ ደህና አመሹ ቢላቸው አንገታቸውን ደፍተው አለፉ። የአገሩን ቋንቋ ኻምጣንጋን እንጂ አማርኛ አይሰሙ ይሆናል ብሎ አልተከፋም።

*

ሐሙስ ማለዳ የጤና ኬላዋ ባለሙያ ሰርክአዲስ ከሬሳው ያወጣቻትን እርሳስ በፋሻ ጠቅልላ ሰጠችው። ሽምብራ ብታህል ነው። ባምላክ ጉብታው ላይ ወጥቶ፣ የጥይቶቹን ፎቶ ባሕር ዳር ላለች ዓይናዲስ ለምትባል የመሣሪያ መርማሪ ላከ። አብረው የሠለጠኑ ናቸው። ፎቶው እየተቆራረጠ ሄዶ ለመድረስ አንድ ሰዓት ፈጀ። ከዚያ ራሷ ደወለች።

«ከየት አገኘሃት?» አለችው። «ይቺ እኮ የኪስ ሽጉጥ ጥይት ናት፤ ስድስት ነጥብ ሠላሳ አምስት ሚሊ ሜትር። ካንተ ሽጉጥ ጥይት በጣም ታንሳለች። ከመቶ ዓመት በፊት አውሮፓ ውስጥ በየጓዳው ይሠሯት ነበር፤ በተለይ ስፔን። ብዙዎቹ ስም እንኳ የላቸውም። መዳፍ አትሞላም፣ ካዝናዋ ስድስት ነው የሚይዘው። መዝገባችን ውስጥ ከዋግ የተመዘገበ አንድም የለም።»

«ትገድላለች እንዴ?»

«ከሩቅ አትገድልም። አጠገብህ ከመጣች ግን ትገድላለች። ጥይቱ ያረጀ ስለሆነ ይከሽፋል እንጂ።» ከዚያ አስጠነቀቀችው። «ሦስቱን አግኝተሃል። ካዝናው ሙሉ ከነበረ ሦስት ይቀራል። ከሽፏል ብለህ አትዘናጋ፤ አንዷ ከሠራች ሌላዋም ልትሠራ ትችላለች።»

 ዓይናዲስ ገና አልጨረሰችም። የመርፌው ምት ከመሀል ፈንጠር ያለ ነው፤ ቅርፁም ክብ ሳይሆን ባለ ማዕዘን ነው አለችው። ፋብሪካ እንዲህ ያለ መርፌ አይሠራም። አንድ ሰው በእጁ ሞርዶ የገጠማት ናት፤ ጠጋኙን ከፈለግህ ባለቤቷን ታገኛለህ አለችው።

ወደ ሰቆጣ ለመውረድ በገበያው ሰዎች መሀል ማለፍ ነበረበት።  ዐሥራ ሦስት ሰው ዝም ብሎ ሲያየው ጀርባውን ሰጥቶ መሄድ ነበረበት፤ መታጠፊያው ላይ እስኪደርስ ድረስ እግሩን ሳይሆን የትከሻውን መሀል ነው ያስብ የነበረው። 

ሰቆጣ ውስጥ የጠመንጃ ጠጋኝ ተብሎ የሚጠራ አንድ ሰው ነው፤ አቶ ዓለምነህ። ከሰማንያ አልፈዋል፤ ሥራውንም ትተዋል። ባምላክ ቀለሁን ሲሰጣቸው በር ላይ ወጥተው ወደ ፀሐይ ያዙትና ከኪሳቸው አጉሊ መነጽር አወጡ። አንዴ እንዳዩት ነው መነጽሩን ያወረዱት።

«ይሄ የኔ እጅ ነው» አሉ።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ልጄን ልርሳ? በሰባ አምስት ይመስለኛል፣ አንድ የወይናት ጎረምሳ አመጣት። አባቱ ከጣሊያን መኮንን የማረኳት ናት አለኝ። መርፌዋ ተሰብሮ ነበር። ከብስክሌት ሽቦ ሞርጄ ገጠምኩላት። ሽቦው ቀጭን ስለሆነ ወደ ጎን ትሸሻለች፣ አንዳንዴም አትመታም አልኩት። ግድ የለም፣ ለክብር ነው የምይዛት አለኝ። በስድሳ ዓመት ሥራዬ እንዲህ ያለች ሽጉጥ ያየሁት እሷን ብቻ ነው።»

«ጎረምሳው ማን ይባላል?»

«መልአኩ። ምነው፣ ደህና አይደለም እንዴ?»

ባምላክ መርዶውን ነገራቸው። ሰውዬው የተገደለው በገዛ ሽጉጡ ነው። ታዲያ ሽጉጡ ቤቱ ውስጥ ከነበረ ገዳዩ ከየት አውቆ አገኛት? ካልነበረስ አርባ ዓመት የት ሰነበተች? አቶ ዓለምነህን አመስግኖ ከከተማው ወጥቶ ዳገቱን ሲጀምር ይህንኑ ነበር የሚያወጣ የሚያወርደው።

መልሱን የሰጠው ገበያው ራሱ ነው። ባምላክ መንገዱ ላይ ደርሶ፣ ጥያቄው ነገር እንዳያነሣበት እየሰጋ፣ ወንድምህ ዱሮ ትንሽ ሽጉጥ ነበራቸው ወይ አለው።  ገበያው ጠመንጃውን ከጭኑ አንስቶ በጎኑ አቆመው።

«ነበረችው» አለ ገበያው። «ቢያዝንን የገደለበት ናት። እርቁ ሲወርድ ለታቦቱ ገባች። በኛ አገር ደም ያፈሰሰ መሣሪያ ከእርቅ በኋላ ሟችም ገዳይም ቤት አያድርም። ጥይቷም ስድስት ነበር፤ አብሮ ገባ። ለምን ጠየቅኸኝ?»

«ለመዝገብ ነው።»

«ነገ ዓርብ ነው፣ ኢንስፔክተር» አለው ገበያው፤ በቁጣ አልነበረም።

ያን ምሽት ባምላክና ካሤ የድንጋይዋን ቤት በር በጠረጴዛ ደግፈው ተቀመጡ። ባምላክ ያደገደጉትን ጋቢና የአጎዛውን በርጩማ አስቦ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ዕቃ ቤት ቁልፍ የሚይዘው ማን እንደሆነ ካሤን ጠየቀው። ቄሰ ገበዝ ወልደ ሐዋርያት ናቸው። የት ነበሩ ረቡዕ? ካሤ በጣቱ ቆጠረለት፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት ፍትሐቱን ሲመሩ ሺህ ሰው አይቷቸዋል። ባምላክ የጠረጠረው ሰው ከእጁ ሲያመልጥ ተሰማው። ዋሴ ጥግ ላይ ሆኖ ሲያዳምጣቸው ቆይቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

*

ዓርብ አንድ ሰዓት ላይ ባምላክና ካሤ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ ነበሩ። ቄሰ ገበዙ ቀጭን፣ ትሑት ሰው ናቸው። ፖሊስ ዕቃ ቤት ልይ ሲላቸው ቅር ቢላቸውም ከፍተው አስገቡት። ከአንድ የእንጨት ሣጥን ውስጥ የእርቁን ውል አውጥተው አነበቡለት። ወረቀቱ ጫፍ ጫፉን አይጥ በልቶታል፤ አንዲት ትንሽ ሽጉጥ ከስድስት ጥይት ጋር ለኪዳነምሕረት ገብታለች የሚለው ግን ደህና ይነበባል።

«ሽጉጧ ጠፍታለች አይደል?» አለ ባምላክ።

«ኧረ አለች። የታቦት ዕቃ የት ትሄዳለች ብለህ ነው?»

ከሣጥኑ ሥር በቀይ ጨርቅ የታሰረ ነገር አውጥተው እጁ ላይ አኖሩለት። ባምላክ ፈታው። ሽጉጧ በእውነትም መዳፉን አልሞላችውም። ጥቁር፣ ጠፍጣፋ፣ ስም የሌላት ናት፤ እጀታዋ ላይ አንዲት አበባ ተቀርጻለች። ሣጥኑ ውስጥ ያለው ሌላው ዕቃ ሁሉ የዓመታት አቧራ ለብሷል። እሷ ላይ አንዲት ብናኝ የለችም። አፈሙዟን አሸተተው፤ ባሩዱ ገና አልለቀቃትም። ካዝናዋን ሳበው፤ ባዶ ነው።

ባምላክ ያን ጊዜ ነው ገዳዩን ያወቀው፤ ስሙን ባያውቅም ዓይነቱን አወቀው። ይህች ሽጉጥ ገደል ተወርውራ ቢሆን ኖሮ እስከ ዕለተ ምጽአት የሚያገኛት አልነበረም። ሌባ ቢሆን ይሸጣት ነበር፤ ሽፍታ ቢሆን ይታጠቃት ነበር። ይህ ሰው ግን ነፍስ ለማጥፋት ደፍሮ፣ የታቦት ዕቃ ቤቱ ለማሳደር ፈራ። ገድሎ፣ ጠርጎ፣ በጨርቋ አስሮ፣ ከቦታዋ መለሳት።

«አባቴ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ረቡዕ እርስዎ ቀብር ላይ ሳሉ ቁልፉ የት ነበር?»

 ቄሰ ገበዙ ሣጥኑ ላይ ተቀመጡ። ረቡዕ ረቡዕ ዕቃ ቤቱ የሚጠረግበት ቀን ነው። ቁልፉንም ለአንድ ሰው ይሰጡታል። ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው እየሰለለ ሄዶ ስሙ ጋ ሲደርሱ ጨርሶ ጠፋ፤ በጣታቸው በቅጽሩ ጥግ ያለችውን የመነኩሲቷን ጎጆ አመለከቱ።

ካሤ አማተበ። ባምላክ ግን ያሰበው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሦስቱ ጥይቶች የት ናቸው? ሽጉጧ እጁ ላይ ሆና እንኳ ፍርሃቱ አልለቀቀውም።

*

እማሆይ ወለተጊዮርጊስ በጎጆዋ በር ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሰባ ደርሰዋል፤ እጃቸው በነጠላቸው ሥር ነው። ባምላክ ሁለት እርምጃ ቀርቶት ቆመ። ዐይኑ ከነጠላው ሥር ያለው እጅ ላይ ነው። ስለ ሽጉጧ በአማርኛ ጠየቃቸው፤ ካሤ በኻምጣንጋ ደገመው። ዐይናቸውን ከእሱ አልነቀሉም፤ መልስ ግን አልሰጡም።

«አይናገሩህም» አሉ ከኋላው ቄሰ ገበዙ። ፊታቸው አመድ ሆኗል። «ረቡዕ ማታ ልጃቸውን ጠይቀው ሲመለሱ መጥተው እግሬ ላይ ወደቁ። ምን ሆኑ ብላቸው በእጃቸው አፋቸውን ያሳዩኛል። ነገሩ የገባኝ አሁን ነው። ልጃቸው ገዝቷቸዋል።»

ባምላክ ግዝት ምን እንደሆነ ያውቃል። አንዲት ቃል ብትናገሪ በኪዳነምሕረት ብሎ ልጅ እናቱን ከገዘተ፣ እሱ ራሱ እስኪፈታት ድረስ አንገቷ ቢቆረጥ አትናገርም። ዋሴ ረቡዕ አቶ መልአኩን ሊገድል ወርዶ፣ ሬሳውንና እናቱን አንድ ላይ አገኘ። እሳቸው ቀድመውታል። ከሠርጉ ወዲህ ክላሹን ሲወለውል እያዩ፣ የእርቁ እርግማን ልጃቸው ላይ እንዳይወርድ በራሳቸው ላይ አወረዱት። እሱ ደግሞ አፋቸውን አስሮ በእሳቸው ፈንታ ሊሞት ተቀመጠ።

«እማሆይ» አለ ባምላክ፣ ካሤ እየተረጎመለት፣ «ስድስት ሰዓት ላይ ልጅዎን ይገድሉታል። እኔ ላስጥለው አልችልም። ፈሪም ነኝ። ቃል አልጠይቅዎትም። የሚያሳዩኝ ነገር ካለ ያሳዩኝ።»

 የአሮጊቷ እጅ ከነጠላው ሥር ሲወጣ ባምላክ ሳያስበው አንድ እርምጃ አፈገፈገ። የተገዘተው አፋቸው ነው፤ እጃቸው አልተገዘተም። ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ዘረጉ። ሦስቱ ጥይቶች መዳፋቸው ላይ ነበሩ። ቂጣቸው አልተነካም። ልጃቸው እንዳያገኛቸው ሲሉ ይሆናል ከሽጉጧ ለይተው የያዟቸው። ባምላክ ተንበርክኮ ተቀበላቸው።

ካሤ ከጎጆው ማዶ ፊቱን አዙሮ ቆሟል። ባምላክ ወደ እሱ ሄዶ፣ አቶ መልአኩ ለምን ዝም ብለው እንደተገደሉ ጠየቀው። ካሤ ትከሻውን ሰበቀ። መነኩሲት ቤቱ ስትገባ አጎዛ አንጥፎ፣ አደግድጎ ተቀመጠ፣ አለው። ሽጉጧን ሲያይ ደግሞ የቢያዝን ሚስት መሆኗን አስታወሰ። ሁለት ጊዜ ስትከሽፍ እኮ ዱላው አጠገቡ ነበር፤ ያላነሣው ዕዳዬ ነው ብሎ ይሆናል።

*

ስድስት ሰዓት ሊሞላ ሩብ ሲቀረው አራቱ ከቅጽሩ ወጡ። ቄሰ ገበዙ መስቀላቸውን ይዘው ከፊት፣ እማሆይ በመሀል፣ ባምላክና ካሤ ግራና ቀኝ። ሰልስቱ አብቅቶ ገበያውና ዘመዶቹ በድንጋይዋ ቤት ፊት ተኮልኩለዋል፤ አፈሙዙ ሁሉ ወደ በሩ ነው። ባምላክ እግሩ እንዲሄድለት በልቡ እየለመነ ነበር የሚራመደው። ሸሽቶ ቢሄድ የሚፈርድበት እንደሌለ ያውቃል። አልሸሸም።

ሽጉጧን ከነጨርቋ ገበያው ፊት መሬት ላይ አኖራት። ገበያው አወቃት። የት እንደተገኘች፣ ቁልፉ ማን ዘንድ እንደነበር፣ ጥይቶቹ በማን መዳፍ እንደተገኙ ቄሰ ገበዙ በኻምጣንጋ ተናገሩ። ንግግሩ እየገፋ ሲሄድ አፈሙዞቹ ከበሩ ተነቅለው ወደ መነኩሲቷ ዞሩ። ባምላክ በዚያ ቅጽበት ሽጉጡን መምዘዝ እንደነበረበት ያወቀው በኋላ ነው። ያደረገው ግን ዐይኑን ጨፍኖ በእሳቸውና በመሣሪያው መሀል መቆም ብቻ ነበር።

«የሷን ደም ትፈልጋለህ?» አሉ ቄሰ ገበዙ፣ አሁን በአማርኛ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «አምና ቆብ ስትጭን ፍትሐቷን እኔው ነኝ የፈታሁት። ቆማ ሳለች ጸሎተ ሙታን ተደግሞላታል። የሞተች ናት። ከሞተ ሰው ደም የሚቀበል ካለ ይቅረብ።»

«ልጇስ?» አለ ከዘመዶቹ አንዱ።

«የመነኮሰ ልጅም ዘመድም የለውም። ይህን አንተ አታውቅም?»

 ባምላክ ዐይኑን ሲገልጥ ገበያው መነኩሲቷን እያየ ነበር። መነኩሲቷም እሱን። አምና ከሠርጉ በኋላ ሲመነኩሱ መንደሩ ሁሉ ለጽድቅ ነው ብሎ ነበር። ደማቸውን የሚፈልግ እንዳይኖር ብለው እንደሆነ ዛሬ ገበያው ገባው፤ ገብቶትም የሚያደርገው አጣ። ጠመንጃውን ወደ መሬት ሰደደ።

«ታዲያ እኔ ከማን ጋር ነው የምጣላው?» አለ፣ ለማንም ሳይሆን። ቀጥሎ የወንድሙን ስም ጠርቶ እዚያው አቧራው ላይ ተቀመጠ፤ ዘመዶቹም አንድ በአንድ መሣሪያቸውን አንግተው ዙሪያውን ከበቡት። አፈሙዙን ወደ በሩ ያዞረ ከዚያ በኋላ አልነበረም።

ካሤ በሩን ከፈተ። ዋሴ ዐይኑን ፀሐይ እየወጋው ወጣና እናቱን በፖሊስ መሀል አያቸው። ነገሩ እስኪገባው አልቆየም። ሊሞት ሦስት ቀን ሲዘጋጅ የከረመ ሰው፣ አሁን የሚገድለው ጠፋ። ወደ ገበያው ዞረ፤ ገበያው አላየውም። ሰዉ ሁሉ መንገድ ለቀቀለት። ዋሴ ከእናቱ ፊት ቆሞ አንዲት ነገር በኻምጣንጋ ተናገረ። ግዝቱን ፈታው ሲል ካሤ ለባምላክ በጆሮው ሹክ አለው።

እማሆይ ከሦስት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አፋቸውን ከፈቱ። ድምፃቸው የሻከረ ነው። የተናገሩት ረጅም አልነበረም፤ ልጃቸውንም አልነኩትም። ከዚያ ራሳቸው ዞረው ወደ ሰቆጣ የሚወርደውን መንገድ ያዙ፤ ባምላክ ሊደርስባቸው ፈጠን ማለት ነበረበት።

«ምን አሉት?» ሲል ካሤን ጠየቀው።



«በሬዎቹ ከረቡዕ ወዲህ ውኃ አልጠጡም፣ ሂድና ወደ ወንዙ አውርዳቸው አሉት» አለ።